ሠዓሊ ከሪንጉ አጠገብ ምን ይፈልጋል? የቤሎውስን ሥዕል አይቼ የተነሣብኝ ጥያቄ

የልጅ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የሥዕል ትምህርት የለኝም፤ ስለ ቡጢም የማውቀው የ15 ዓመት ልጄ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ስለሚለማመድ ብቻ ነው። ከልምምድ ሲመለስ በጓንቱ ውስጥ እጁ ላይ የሚጠመጥመውን ረጅም ጨርቅ የማጥበው እኔ ነኝ፤ በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ እስከ ወለሉ ድረስ ተንጠልጥሎ ሲደርቅ ባየሁት ቁጥር፣ ሰውን ለመምታት የሚደረግ ዝግጅት እንዲህ ለስላሳ መሆኑ ይገርመኛል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከጓደኛዬ ጋር ዋሽንግተን ወደሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ሄድን። መግቢያው ነጻ ስለሆነ አልፎ አልፎ ጎራ እንላለን፤ ብዙውን ጊዜ የምናየው መልክአ ምድርና አበባ ነው። በዚህ ቀን ግን በአሜሪካውያን ሠዓሊዎች ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ሸራ አስቆመኝ። ሥዕሉ ጆርጅ ቤሎውስ እ.ኤ.አ. በ1909 የሣለው ሲሆን ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሁለቱም የዚህ ክለብ አባላት ናቸው» ይላል። ወርዱ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። በስተቀኝ ያለው ጥቁር ቡጢኛ መላ ክብደቱን ይዞ ወደ ፊት ይገፋል፤ በስተግራ ያለው ነጭ ቡጢኛ ጉልበቱ ሊከዳው ደርሷል፤ ፊቱም በደም ቀልቷል። ከርቀት ሳየው የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ስል ግን አጥንትም ሥጋም የለም፤ ያለው በሰፊ ብሩሽ በጥድፊያ የተጎተተ ቀለም ብቻ ነው። ከታች የተመልካቾቹ ራስ ተደርድሯል። አንዱ ይሥቃል፣ ሌላው አፉን ከፍቷል፣ ሌላው አንገቱን ያሰግጋል። በመካከላቸው የተቀመጥሁ ያህል ስለ ተሰማኝ ሳላስበው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

ጓደኛዬ «ደም ይሸጣል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም» አለችኝ። ይህ አልተዋጠልኝም። ለመሸጥ ብቻ የተሣለ ነገር እንዲህ የሚያስደነግጥ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ስፈልግ ብዙ ሠዓሊዎችና ቀራፆች ወደ ቡጢ መሄዳቸውን ተረዳሁ፤ ወደ ሌሎቹ ስፖርቶች ግን በዚህ መጠን አልሄዱም። ሠዓሊ ከሪንጉ አጠገብ ምን ፍለጋ ይቀመጣል? ቤሎውስስ ይህን ሲሥል እያወገዘ ነው ወይስ እየተደሰተበት? ልጄን ወስጄ ላሳየው አስቤአለሁና ከማሳየቴ በፊት ራሴ ብረዳው እወዳለሁ።

የሥዕል መምህር፣ ከአዲስ አበባ

እኅቴ፣ ጥያቄዎን ደግሜ ደግሜ አነበብሁት። ሁለት እርምጃ ማፈግፈግዎ የመልሱ ግማሽ ይመስለኛል፤ ሠዓሊው ዓይንዎን ያስቀመጠው ከሪንጉ ወለል በታች፣ ከተመልካቾቹ ራስ ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉን የሚያይ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግድ ከጩኸቱ መካከል ይቀመጣል።

ታሪኩን ላስቀድም። ቤሎውስ በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1882 ተወለደ። በኮሌጅ ቤዝቦልና ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር፤ በ1904 ትምህርቱን አቋርጦ ኒው ዮርክ ገባና ከሮበርት ሄንራይ ዘንድ ሥዕል ተማረ። ሄንራይ ተማሪዎቹ የተዋበ ነገር ፍለጋ እንዳይባዝኑ፣ ይልቁንም በየመንገዱና በየመጠጥ ቤቱ ያለውን የከተማውን ኑሮ እንዲሥሉ የሚገፋፋ መምህር ነበር። የቤሎውስ የሥራ ክፍል በብሮድዌይ አጠገብ ሲሆን፣ በዚያው አካባቢ ቶም ሻርኪ የተባለ የቀድሞ የከባድ ሚዛን ቡጢኛ ያቋቋመው መጠጥ ቤት ነበር፤ በስተጀርባውም ግጥሚያ የሚካሄድበት ክፍል ነበረው።

አሁን ወደ ርእሱ እንምጣ፤ ምክንያቱም ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ ለሕዝብ ክፍት የሆነ፣ ገንዘብ የሚከፈልበት የቡጢ ግጥሚያ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ የሚፈቀደው በግል ክለብ ውስጥ፣ ለክለቡ አባላት ብቻ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ በር ላይ የሚሰጠው ገንዘብ የመግቢያ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ የአባልነት መዋጮ ይባላል፤ ቡጢኞቹም ለዚያች ሌሊት ብቻ አባል ተደርገው ይገባሉ፤ አስተዋዋቂው ወደ መካከል ወጥቶ ሁለቱም የክለቡ አባላት መሆናቸውን ሲያውጅ ሕጉ እንደ ተከበረ ይቆጠራል። ሥዕሉ ላይ ያሉትን ሁለት ሰዎች አይተው ይህን አዋጅ መልሰው ያንብቡት። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ነው። በሌላ ቀን በአንድ ክለብ ጠረጴዛ አብረው ይቀመጣሉ ተብሎ የማይታሰቡ ሰዎች እኩል አባል የተባሉት ለመደባደብ ሲሆን ብቻ ነው።

ዘመኑንም ልብ ይበሉ። ጃክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1908 በሲድኒ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ብዙ ነጭ አሜሪካውያን ክብሩን የሚያስመልስላቸው የራሳቸውን ሰው ይፈልጉ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 1910 ጆንሰን በሪኖ ከተማ ጂም ጄፍሪስን ሲያሸንፍ በበርካታ የአሜሪካ ከተሞች በጥቁሮች ላይ ጥቃት ተፈጽሞ ሰዎች ሞቱ። ቤሎውስ ሸራውን የሣለው በእነዚህ ሁለት ግጥሚያዎች መካከል ነው። ጥቁሩ ሰው ሊያሸንፍ ነው፤ ከታች ያለው ሕዝብም የሚጮኸው ይህንኑ እያየ ነው።

እያወገዘ ነው ወይስ እየተደሰተ ላሉት፣ ቤሎውስ ራሱ ስለ ቡጢ ምንም እንደማያውቅና የሚሥለው ሊገዳደሉ የሚሞክሩ ሁለት ሰዎችን ብቻ እንደ ሆነ ጽፎ ነበር። ይህ ለቡጢኞቹ የተሰጠ መልስ ነው፤ ለተመልካቾቹ ግን ብሩሹ ሌላ መልስ ሰጥቷል። የቡጢኞቹ ፊት በክንድና በደም ተሸፍኖ በውል አይለይም፤ መልክ ያለው፣ ጥርስ ያለው፣ ዓይን ያለው ተመልካቹ ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ሥዕል ትዝ ይለኛል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲሣሉ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ በዐድዋ ሥዕሎችም የጠላት ጦር አብዛኛውን ጊዜ በጎን ነው። ቤሎውስ ይህን ወግ ሊያውቅ አይችልም፤ ነገር ግን የኛ ሠዓሊዎች እንዳደረጉት ፍርዱን ያሰፈረው በፊት አሣሣል ላይ ነው፤ ያ ፍርድ ደግሞ የወደቀው ከተደባዳቢዎቹ ይልቅ በሚያዩት ላይ ነው።

ራሱንም ከዚህ ፍርድ አላወጣም። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1923 ጃክ ደምፕሲና አርጀንቲናዊው ሉዊስ ፊርፖ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲጋጠሙ አንድ ጋዜጣ ንድፍ እንዲሠራለት ላከው። በመጀመሪያው ዙር ፊርፖ ደምፕሲን በገመዶቹ መካከል አሳልፎ ከሪንጉ ውጭ ጋዜጠኞቹ ላይ ጣለው፤ ደምፕሲ ተመልሶ ወጥቶ በሁለተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ቤሎውስ ግን በ1924 በሣለው ሸራ ላይ ያስቀረው ሻምፒዮኑ በጀርባው ሲወድቅ ነው፤ ከታች በስተግራ ጠርዝ ላይ ያለው ራሰ በራ ሰው ቤሎውስ ራሱ ነው። በቀጣዩ ዓመት በጃንዋሪ ወር በትርፍ አንጀት መፈንዳት ምክንያት ገና በ42 ዓመቱ አረፈ።

የቀድሞ ቡጢኛ፣ ከድሬዳዋ

መምህር፣ ስለ ርእሱ የነገሩን ታሪክ ለኔም አዲስ ነው፤ አመሰግናለሁ። በአንድ ነገር ግን ልቃወምዎ ነው። በወጣትነቴ ለሰባት ዓመታት ተጋጥሜአለሁ፤ አሁንም ልጆች አሠለጥናለሁ። የቤሎውስን ሥዕሎች በስልክ አስፍቼ ሳያቸው የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ይህ ሰው ከመታ በኋላ በምን ሊቆም ነው?» የሚል ነበር። ምት የሚጀምረው ከተረከዝ ነው፤ ከተረከዝ ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ትከሻ ሄዶ በመጨረሻ ጡጫ ላይ ይደርሳል፤ እግሩ መሬት ያልያዘ ሰው እጁ ብቻውን ቢወረወር ዝንብ አይገድልም። በዚያ በሻርኪ ክለብ የተካሄደ ግጥሚያ በሚያሳየው በሌላው የቤሎውስ ሥዕል ላይ ግን ሁለቱ ቡጢኞች አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው በአየር ላይ ያሉ ይመስላሉ፤ አንደኛው ቢሸሽ ሌላው በፊቱ ይደፋል። ስለ ቡጢ ምንም አላውቅም ማለቱን አምነዋለሁ።

ከልቤ የገባው ቶማስ ኢኪንስ የተባለው የፊላዴልፊያ ሠዓሊ ነው። ኢኪንስ የሰውን አካል ለማወቅ በሕክምና ትምህርት ቤት ሬሳ ሲከፈት አይቶ፣ ራሱም ከፍቶ የተማረ ሰው ነበር፤ ባስተማረበት የፔንሲልቬንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሴቶች ተማሪዎች ባሉበት የወንድ ሞዴልን ገላ ሙሉ በሙሉ ገልጦ በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ1886 ሥራውን ለመልቀቅ ተገደደ። ከዓመታት በኋላ ከዚያው አካዳሚ ፊት ለፊት ወደነበረው የቡጢ አዳራሽ ይመላለስ ጀመር፤ በ1898 እና በ1899 የቡጢ ሥዕሎቹን ሣለ። የሚገርመው በትልልቆቹ ሦስት ሥዕሎቹ ውስጥ አንድም ምት የለም። በአንደኛው የወደቀው ሰው ሲቆጠርለት፣ በሁለተኛው አሸናፊው ለሕዝቡ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሲሰጥ፣ በሦስተኛው ደግሞ ቡጢኛው በዙሮች መካከል ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሲያርፍ ነው የምናየው።

ይህን ሦስተኛውን ሥዕል እኔ ኖሬበታለሁ። ቢሊ ስሚዝ የተባለው ቀጭን ቡጢኛ እጆቹን በገመዱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ አንዱ ረዳት በፎጣ ያራግብለታል፣ ሌላው ከላይ ጎንበስ ብሎበታል፤ ከታች በስተግራ ሰዓት ያዡ ሰዓቱን ይጠብቃል። በዙሮች መካከል ያለችው አንድ ደቂቃ ናት። ጥጉ ላይ ያልተቀመጠ ሰው የዚያችን ደቂቃ ርዝመት አያውቃትም። ጆሮህ ውስጥ የራስህ ልብ ይመታል፤ አሠልጣኙ የሚናገረውን ከአፉ እንቅስቃሴ እንጂ በድምፁ አትሰማውም፤ ውኃው አፍህ ውስጥ ሲገባ የደም ጣዕም አለው፤ ዋጥ እንዳታደርገው ትዝ ብሎህ ትተፋዋለህ። ከሁሉ የሚበልጠው ነፋሱ ነው። አንድ ጊዜ በጥጌ የቆመው ሰው ፎጣውን መልበሻ ክፍል ረስቶት በገዛ ሸሚዙ አራገበልኝ፤ የሸሚዙ የሳሙና ሽታ ይኸው 30 ዓመት ሊሞላው ነው፣ አልጠፋኝም። ኢኪንስ ይህን ነፋስ ሥሎታል። እኅቴ፣ ፊላዴልፊያ ከእርስዎ ሩቅ አይደለም፤ ሥዕሉ ያለው በከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ልጅዎን ከቤሎውስ በፊት ይህን ቢያሳዩት እመርጣለሁ፤ ስፖርቱ ከመምታት ይልቅ ስለ መተንፈስ መሆኑን ያይበታል።

የሥዕል መምህር፣ ከአዲስ አበባ

ጋሼ፣ ስለ እግሩ ያሉት ትክክል ነው፤ አልከራከርዎም። ቤሎውስ የፈለገው ግን ያንኑ መደጋገፍ ይመስለኛል። በሻርኪው ሥዕል ሁለቱ ቡጢኞችና ዳኛው አንድ ላይ እንደ ጎጆ ጣሪያ የቆሙ ናቸው፤ አንዱን ምሰሶ ቢያወጡት ሁሉም ይፈርሳል። ቡጢኞቹ ጠላት ሆነው ሳለ እርስ በርሳቸው ካልተያያዙ መቆም የማይችሉ መሆናቸው እኔን ከትክክለኛ አቋም ይልቅ ያሳምነኛል። ስለ ነፋሱ የጻፉትን ግን ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ፤ ነፋስ እንዴት ይሣላል ብለው ለሚጠይቁኝ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ከሮም

ሁላችሁንም ሰላም እላለሁ። ሠዓሊ አይደለሁም፤ ሮም ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከብሁ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። እንደ እኔ ያሉ ሠራተኞች የዕረፍት ጊዜያቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ስለሆነ፣ የአገር ልጆች የምንገናኘው በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ጥግ ላይ ፓላትሶ ማሲሞ የተባለ ሙዚየም አለ። በክረምት ብርድ ለመሸሽ አንድ ሐሙስ ገባሁ፤ እዚያ ያገኘሁት ቡጢኛ ከዚያ ወዲህ እንደ ዘመድ የምጠይቀው ሰው ሆኗል።

ከነሐስ የተሠራ ሐውልት ነው። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛውና በ1ኛው ክፍለ ዘመን መካከል እንደ ሆነ ባለሙያዎች ይገምታሉ፤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 በሮም ኩዊሪናል ኮረብታ ላይ ሲቆፈር ነው። ተቀምጦ ቁመቱ 1 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር ነው። ክርኖቹን በጭኖቹ ላይ አሳርፎ፣ በጠፍር የተጠመጠሙ እጆቹን አንድ ላይ አድርጎ፣ አንድ ሰው የጠራው ይመስል ራሱን ወደ ቀኝ ቀና አድርጎ ዞሯል። አፍንጫው ተሰብሯል፤ ጆሮዎቹ ከብዙ ዓመት ምት የተነሣ አብጠው ቅርጻቸውን አጥተዋል። ዓይኖቹ ከሌላ ነገር ተሠርተው የተተከሉ ስለ ነበሩ ወድቀው ጠፍተዋል፤ ባዶ ናቸው።

ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ሠሪው ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ይገባችኋል። ከንፈሮቹና የፊቱ ቁስሎች ቀይ መዳብ ናቸው፤ ነሐሱ ውስጥ ተቀርጸው ገብተዋል። ከቀኝ ዓይኑ በታች ያለው ጉንጩ ደግሞ ጠቆር ካለ ሌላ ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ ደም የቋጠረ እብጠት መሆኑ ይታወቃል። ከሁሉ ያስለቀሰኝ ግን ይህ ነው፤ በቀኝ ክንዱና በቀኝ ጭኑ ላይ ትናንሽ የመዳብ ነጠብጣቦች አሉ። ራሱን ወደ ቀኝ ሲያዞር ከፊቱ የተንጠባጠበ ደም ነው። ቀራፂው እንቅስቃሴን ያሳየው በክንድ መወርወር ሳይሆን ደሙ በወደቀበት ቦታ ነው፤ ነጠብጣቦቹን ያየ ሰው ሰውየው ከአፍታ በፊት ወደ ፊት ይመለከት እንደ ነበረ ያውቃል።

በጥንት ግሪኮች ቡጢ ዙር የሚባል ነገር አልነበረም፤ የክብደት ምድብም የለም። ግጥሚያው የሚያበቃው አንዱ ሲዘረር ወይም ጣቱን አንሥቶ መሸነፉን ሲያምን ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ያረፈው በዙሮች መካከል አይደለም፤ ወይ ጨርሷል ወይ ሌላ ተጋጣሚ ይጠብቃል። ማሸነፉና መሸነፉ ከፊቱ አይታወቅም። እኔ ለዓመታት ስመላለስ አንድ ቀን አሸናፊ፣ ሌላ ቀን ተሸናፊ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እኔ በዋልሁበት ውሎ ነው። የእግሩ ጣቶች በጥንት ሰዎች እጅ ተዳስሰው ለስልሰዋል ይባላል፤ ቢፈቀድልኝ እኔም በዳሰስሁት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ፤ ከጉዳዩ ብዙም አያወጣኝም። ሙዚየሙ ያለበት አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ በዶጋሊ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ ሐውልቱ ከአፈር ከወጣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። በዚያ አደባባይ ላይ ቆመን የአገራችንን ወሬ እንጨዋወታለን፤ በግድግዳው ወዲያ ደግሞ ማን እንዳሸነፈ የማይነግረን ያ የደከመ ሰው ተቀምጧል። ይህን አስቤ ከዚያ ወጥቼ ባቡሬን ያለፍሁበት ቀን አለ።

የልጅ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የጻፋችሁልኝን ሁሉ ሁለት ሌሊት አነበብሁት። ጋሼ፣ ስለዚያች አንድ ደቂቃ የነገሩኝን ለልጄ አነበብሁለትና «አዎ፣ ልክ እንደዚህ ነው» ብሎ ዝም አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እኅቴ ከሮም፣ ስለ ደሙ ነጠብጣቦች የጻፍሽውን ሳነብ እጁን የሚጠመጥምበት ጨርቅ ላይ አንዳንድ ጊዜ የማገኛቸው ትናንሽ ቡናማ ነጥቦች ትዝ አሉኝ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። እስካሁን የተነጋገርነው በድሮዎቹ ነው። ካሜራና ቴሌቪዥን ከመጡ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ግጥሚያውን ቤቱ ተቀምጦ በሚያይበት ዘመን፣ ለሠዓሊ የቀረ ነገር አለ?

የቪዲዮ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ

አለ፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ግንኙነቱ የጠነከረ ይመስለኛል። ጃፓናዊው ኡሺዮ ሺኖሃራ ከ1960ዎቹ መባቻ ጀምሮ በጓንቱ ላይ ስፖንጅ አስሮ፣ ቀለም ውስጥ እየነከረ ረጅም ሸራን ከቀኝ ወደ ግራ በቡጢ ይመታል፤ ሥዕሉ የምቶቹ ምልክት ራሱ ነው። ዲትሮይት ከተማ ለጆ ሉዊስ መታሰቢያ በ1986 የቆመው የሮበርት ግራሃም ቅርጽ ደግሞ ከ7 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የተንጠለጠለ የነሐስ ክንድ ነው፤ ጡጫው ጓንት አላጠለቀም። መሐመድ ዓሊም ቢሆን ከሥዕል ቤት የወጣ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ አባቱ በሉዊቪል የሱቅ ማስታወቂያና የግድግዳ ሥዕል ይሠሩ ነበር፤ ልጃቸው ፔንሲልቬንያ ውስጥ የልምምድ ሰፈር ባቋቋመ ጊዜ በግቢው በነበሩት ትልልቅ ድንጋዮች ላይ የቀደሙትን ታላላቅ ቡጢኞች ስም በቀለም የጻፉት እርሳቸው ናቸው።

ለጥያቄዎ በቀጥታ የሚመልሰው ግን ፖል ፋይፈር የተባለው አሜሪካዊ በ2000 እና በ2001 የሠራቸው ሦስት ቪዲዮዎች ናቸው፤ እኔም በሙያዬ ምክንያት ብዙ አስቤባቸዋለሁ። የዓሊን ሦስት ታላላቅ ግጥሚያዎች ወሰደ፤ ከሊስተን፣ ኪንሻሳ ላይ ከፎርማን፣ ማኒላ ላይ ከፍሬዚየር ጋር ያደረጋቸውን። ከዚያም ከየምስሉ ላይ ቡጢኞቹን አጠፋቸው። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ አንድ ሰኮንድ ቪዲዮ ወደ 30 የሚጠጉ ምስሎች ስላሉት፣ ሰውየው የሸፈነውን የገመድና የሕዝብ ክፍል ከሌላ ምስል እየወሰዱ አንድ በአንድ መድፈን የሚጠይቅ፣ ዓይንን የሚያደክም ሥራ ነው። የቀረው ባዶ ሪንግ ነው። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም፤ ማንም ሳይነካቸው ገመዶቹ ይለጠጣሉ፣ ቡጢኞቹ ያለፉበት ቦታ ውኃ ውስጥ እንደሚያልፍ ጥላ ይርገበገባል። ከገመዱ ወዲያ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ የሌለውን ነገር ይመለከታል። ቪዲዮዎቹ የሚታዩት ከግድግዳ በወጣ ዘንግ ጫፍ ላይ ባሉ በጣም ትናንሽ ስክሪኖች ስለሆነ ሰው አፍንጫውን አስጠግቶ ለማየት ይገደዳል።

መምህር ስለ ቤሎውስ ተመልካቾች የጻፉትን ሳነብ የፋይፈር ሥራ ትዝ ያለኝ በዚህ ምክንያት ነው። ቤሎውስ የቡጢኞቹን ፊት ሸፈነ፤ ፋይፈር ገላቸውንም ወሰደው። በሁለቱም ፊት የቀረው የሚያየው ሰው ነው። ቴሌቪዥን ቡጢኛውን በቅርብ ያሳየናል፤ እኛን ግን አያሳየንም።

የልጅ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ የመከሩኝን የፊላዴልፊያውን ሥዕል ለዕረፍት ቀን አቆይቼ ትናንት ልጄን ይዤው ወደ ናሽናል ጋለሪ ሄድሁ፤ እዚሁ ያለውን አስቀድሞ ለማየት እርሱ ራሱ ፈለገ። ስለ ክለቡ ሕግና ስለ ጃክ ጆንሰን በመንገድ ላይ ነግሬው ነበር። ሥዕሉ ፊት ሲደርስ እኔ እንዳደረግሁት አላፈገፈገም፤ ወደ ፊት ተጠጋ። አስቀድሞ ያየው እግራቸውን ነው፤ ጋሼ ያሉትን አረጋግጦ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም፤ ዓይኑ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው፣ ከገመዱ ወደ ጨለማው እየተዘዋወረ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር። ምን ጠፋህ ስለው «ዳኛው የት አለ?» አለኝ።

በልምምድ ቦታቸው ሁለት ልጆች ጓንት አጥልቀው ሲጋጠሙ በመካከላቸው ሁልጊዜ አንድ ሰው እንደሚኖር፣ አንዱ ሲዳከም ያ ሰው በክንዱ ገብቶ እንደሚለያያቸው ነገረኝ። መምህር በነገሩን የሻርኪ ሥዕል ላይ ዳኛ አለ፤ በዚህኛው ላይ የለም። ሸራውን ከዳር እስከ ዳር እኔም ፈለግሁ። ሁለቱ ቡጢኞች አሉ፤ ከታች እነዚያ ፊቶች አሉ፤ ከእነርሱ በዚህ በኩል ደግሞ እኔና ልጄ ቆመናል።